ወንዝ የሌለው ምድር ውኃ

የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት በሜክሲኮ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በካሪቢያን ባሕርና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዝናብ አያጣም፤ በአብዛኛው ክፍሉ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። የሰሜኑን ክፍል ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል የሚመለከት መንገደኛ ግን አንድ ነገር ይጎድልበታል። እስከ አድማስ ድረስ ደን ነው፤ ደኑን ሰንጥቆ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ሸለቆ የለም፣ ጅረት የለም፣ ድልድይ የሚያስፈልገው ስፍራ የለም። በገደልና በወንዝ መካከል ላደገ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ሰማዩ ይህን ያህል ከሰጠ ውኃው የት ገባ?

ውኃው ከእግር በታች ነው። ሰሜናዊው ዩካታን የኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም በስንጥቅና በቀዳዳ የተሞላ ነው። ዝናቡ መሬት እንደነካ ይሰርጋል፤ ተጠራቅሞ ወንዝ ለመሆን ጊዜ አያገኝም። ወንዞቹ የሉም ማለት ግን አይደለም። በዋሻ ውስጥ፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ ቀስ እያሉ ወደ ባሕር ይፈስሳሉ። የዋሻው ጣሪያ በተደረመሰበት ቦታ ሁሉ ውኃው ከፀሐይ ጋር ይገናኛል። የአገሩ ሰዎች ይህን ክፍት ቦታ ሴኖቴ ይሉታል። በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴኖቴዎች አሉ። አንዳንዱ ሰማይ ሙሉ በሙሉ የሚያየው ኩሬ ነው፤ አንዳንዱ ዙሪያውን በገደል የተከበበ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጣሪያው ገና ያልወደቀ ዋሻ ሆኖ ብርሃን የሚያገኘው በአንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው።

ከካንኩን፣ ከፕላያ ዴል ካርመንና ከቱሉም ሆቴሎች በየጠዋቱ ሚኒባሶች ቱሪስት ጭነው ወደነዚህ ቦታዎች ይነጉዳሉ። የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሴኖቴ ይጎበኛል፤ ይዋኛል፤ በዋና መነጽርና ስኖርክል በሚባለው የመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው በታች ያለው ይታያል፤ መሀል ላይ ምሳ ይበላል። ማስታወቂያዎቹ የተፈጥሮ መዋኛ ገንዳ ይሉታል። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። የመዋኛ ገንዳ የራሱ ውኃ አለው፤ ሲቆሽሽ ይደፋል፣ በሌላ ይተካል። ሴኖቴ ግን ለብቻው የያዘው ውኃ የለም። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውኃ እዚያ ማዶ ባለው ጉድጓድ ካለው፣ ከመንደሩ ቧንቧ ከሚወርደው፣ በመጨረሻም ባሕሩ ዳር ወዳለው ኮራል ሪፍ ከሚገባው ጋር የተያያዘ ነው። የባሕረ ገብ መሬቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ብቻ ስለሆነ፣ ጎብኚው የሚዋኘው ሚሊዮኖች በሚጠጡት ውኃ ውስጥ ነው።

ለዚህ ነው ቀኑ በሻወር የሚጀምረው። ደህና አስጎብኚ ወደ ውኃው ከመውረዱ በፊት ቡድኑን ሰብስቦ ይጠይቃል፦ የፀሐይ መከላከያ የተቀባ አለ? የትንኝ ቅባት? ሽቶ? ፀጉሩ ላይ ቅባት ያደረገ? የተቀባ ሁሉ ታጥቦ ነው የሚገባው። ፀሐይ የሚፈራ ሰው እጀ ረጅም የዋና ሸሚዝ ይለብሳል፤ ቅባት አይቀባም። ብዙ ሰው ይህን ቢሮክራሲ አድርጎ ይቆጥረውና ያጉረመርማል። ነገር ግን እዚህ ውኃውን የሚያጣራ ወፍራም አፈርና አሸዋ የለም። በሌላ አገር የከርሰ ምድር ውኃ በአሸዋና በአፈር ውስጥ በዝግታ ሲያልፍ ይጣራል። በዩካታን ግን ውኃው የሚሄደው ሰው ሊያልፍበት በሚችል ስፋት ባላቸው ቦዮች ውስጥ ነው። ከላይ የገባው ነገር ወደ ታች ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ነው።

ይህ ሁሉ ዋሻ እንዴት ተፈለፈለ? ጉዳዩ የሚጀምረው ከዝናብ ጠብታ ነው። ጠብታው በአየር ውስጥ ሲወርድ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል። መሬት ሲነካ፣ ሥርና የበሰበሰ ቅጠል በሞላበት አፈር ውስጥ ሲያልፍ፣ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይወስዳል። ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲዋሐዱ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናሉ። ደካማ አሲድ ነው፤ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ያው ነው። የኖራ ድንጋይን ግን ይህ ደካማ አሲድ እንኳ ያሟሟዋል። ስንጥቋ ትሰፋለች፤ ስትሰፋ ተጨማሪ ውኃ ታሳልፋለች፤ ተጨማሪ ውኃ ሲያልፍ ይበልጥ ትሰፋለች። የዘመናት ሥራ ነው።

ይኸው ሥራ በእኛም አገር ተሠርቷል። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አውጥቷል፤ መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ስለ ሴኖቴ ሲነገራቸው ለብዙዎች ቀድሞ የሚታወሳቸው ቢሾፍቱ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ውጤቶች ናቸው፤ ዝምድና የላቸውም። የሴኖቴ ዘመድ ሶፍ ዑመር ነው።

ዩካታንን ከሶፍ ዑመር የሚለየው የባሕሩ ቅርበት ነው። የባሕር ውኃ በድንጋዩ ቀዳዳ ሁሉ እየሾለከ ከባሕረ ገብ መሬቱ ሥር ይገባል። ጨዋማ ስለሆነ ከባድ ነው፤ ከታች ይተኛል። ከዝናብ የመጣው ጨው አልባ ውኃ ቀላል ስለሆነ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከባሕሩ ዳር ይህ የላይኛው ንጣፍ ስስ ነው፤ ወደ መሀል አገር ሲገባ ይወፍራል። ሁለቱ ውኃዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ደግሞ ኬሚስቶችን የሚያስደስት ነገር ይሆናል። የላይኛው ውኃ ማሟሟት የሚችለውን ያህል ኖራ አሟሙቶ ጠግቧል። የታችኛውም እንዲሁ። ሁለቱ የጠገቡ ውኃዎች ሲደባለቁ ግን ድብልቁ እንደገና ይራባል፤ ኖራ ማሟሟት ይጀምራል። ድንጋዩ ከሁሉ በላይ የሚበላው በዚህ ድንበር ላይ ነው። የባሕሩ ከፍታ በየዘመኑ ሲወጣና ሲወርድ ድንበሩም አብሮት ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ዋሻዎቹ በተለያየ ደረጃ ተፈልፍለዋል።

ከዚያ ጣሪያው ይወድቃል። ዋሻው በውኃ ተሞልቶ ሳለ ውኃው ራሱ ጣሪያውን በከፊል ይደግፈዋል። ባሕሩ ወርዶ ዋሻው ሲደርቅ ያ ድጋፍ ይጠፋል፤ የሳሳው ጣሪያም በክብደቱ ይደረመሳል። በብዙ ሴኖቴዎች መሀል ላይ የሚታየው የድንጋይ ክምር ያ የወደቀው ጣሪያ ነው። ዋናተኛ ለማረፍ የሚቆምበት ቋጥኝ አንድ ጊዜ ደን ተሸክሞ የነበረ መሬት ነው ማለት ነው።

ወደ ውኃው እንግባ። ከቱሉም በስተ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዶስ ኦሆስ የሚባል ሴኖቴ አለ። ጎን ለጎን የተደረመሱ፣ ከሥር በዋሻ የተገናኙ ሁለት ጉድጓዶች ናቸው። መሬቱ የሐሲንቶ ፓት ማኅበረሰብ የጋራ ይዞታ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ እንዲህ ያለው የጋራ መሬት ኤሂዶ ይባላል። የእንጨት ደረጃ ወደ ታች ያወርዳል። ከላይ የነበረው ሙቀት በደረጃው ግማሽ ላይ ይቀራል። ጎብኚው ላይፍ ጃኬት ይለብሳል፣ መነጽሩን ያጠልቃል፣ ቱቦውን ይነክሳል። ዋና የማይችል ሰው ከዚህ ቀን የሚቀርበት ምክንያት የለም፤ ጃኬቱ ያንሳፍፈዋል፣ አስጎብኚውም ገመድ ወይም የጎማ ቀለበት ይዞ ከፊት ይሄዳል። ችሎታ ያለውም ቢሆን ጃኬቱን እንዲለብስ ይጠየቃል፤ ይህም የሚጠቅመው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ተንሳፋፊ ሰው የወለሉን ደለል በእግሩ አይቀሰቅስም።

ውኃው ዓመቱን ሙሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ሲቆዩበት ደግሞ ይበርዳል። ፊት ውኃው ውስጥ ሲገባ ግን ብርዱ ይረሳል። በመነጽሩ በኩል የሚታየው ጥራት ለማመን ያስቸግራል፤ ርቀት መገመት ያቅታል፤ እጅ ተዘርግቶ የሚነካ የሚመስለው ድንጋይ አሥር ሜትር ሊርቅ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወንዝ ስለሌለ ጭቃ ይዞ የሚመጣ ጎርፍ የለም። ውኃው ውስጥ ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር ስለሚያንስ አረንጓዴ አልጌ እንደ ልብ አይበቅልም። ሰማያዊው ቀለም ራሱ የጥራቱ ማስረጃ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ሰማያዊውን ያሳልፋል።

በዚህ ጥራት ውስጥ የመጀመሪያው አስደናቂ ነገር ከጣሪያ የተንጠለጠለው ድንጋይ ነው። ስታላክታይት ይባላል። ከጣሪያው ተነሥቶ፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ፣ በባትሪ ብርሃን እየታየ ይወርዳል። ከወለሉ ደግሞ ሌላው ወደ ላይ ያድጋል፤ አንዳንዶቹ ተገናኝተው ምሰሶ ሆነዋል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ስታላክታይት የሚሠራው ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ ነው። ጠብታው አየር ሲያገኝ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ያንን ሲለቅ የተሸከመውን ኖራ መያዝ ያቅተዋል፤ ኖራው በጣሪያው ላይ ቅንጣት ታህል ይቀራል። ውኃ ውስጥ ጠብታ የለም። ስለዚህ አሁን በውኃ የተዋጠው እያንዳንዱ ስታላክታይት ይህ ዋሻ አንድ ጊዜ ደረቅ እንደነበር ይመሰክራል።

ደረቅ የነበረበትን ዘመን እናውቀዋለን። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ ከባሕር የወጣ እጅግ ብዙ ውኃ በየብስ ላይ በረዶ ሆኖ ተቆልሎ ስለነበር የባሕር ከፍታ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ባሕሩ ሲወርድ የዋሻው ውኃ አብሮ ወረደ፤ መተላለፊያዎቹ ባዶ ሆኑ። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ተመለሰ፣ ዋሻዎቹም ቀስ በቀስ ተሞሉ። አስጎብኚዎች ስታላክታይት አትንኩ የሚሉት ስለዚህ ነው። ውኃ ውስጥ ያለው ዳግመኛ አያድግም። ከውኃው በላይ ያለው ቢያድግም፣ የእጅ ወዝ ከነካው ኖራው መያዝ ያቅተዋል። በስህተት በክርን የተሰበረ ጫፍ ለዘላለም የተሰበረ ነው።

ከዋሻው ወደ ብርሃኑ ሲወጣ ሕይወት ይበዛል። ከላይ ካለው ዛፍ ወርደው ውኃውን የሚጠጡ ሥሮች እስከ ወለሉ ይንጠለጠላሉ። ትናንሽ ዓሦች የዋናተኛውን እግር ይለቅማሉ። በገደሉ ቀዳዳ ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማያዎች ቶህ የሚሉት ወፍ ይኖራል፤ ሰማያዊ ነው፣ ከረጅም ጭራው ጫፍ ላይ ሁለት ክብ ላባዎች አሉት፣ ሲያርፍ ጭራውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ጎጆውን ብዙ ጊዜ በሴኖቴ ግድግዳ ውስጥ ስለሚሠራ፣ በደኑ ውስጥ የሚሄድ ሰው ወፉን ካየ ውኃ ቅርብ መሆኑን ያውቃል። ዶስ ኦሆስ ውስጥ ደግሞ የሌሊት ወፎች የሚኖሩበት ክፍል አለ፤ ጎብኚዎቹ በባትሪ እየተመሩ ይገቡበታል፤ ውኃው እዚያ ጥልቅ አይደለም፣ ጣሪያው ግን ዝቅ ይላል። ጨለማ የሚፈራ ሰው ውጭ መቆየት እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ቀላሉና ከባዱ ውኃ የሚገናኙበትን ድንበር ማየት የፈለገ ወደ ካሳ ሴኖቴ መሄድ ይሻለዋል። ከባሕሩ ዳር ያለ፣ በማንግሮቭ ዛፎች የተከበበ፣ ወንዝ የሚመስል ረጅም ሴኖቴ ነው፤ ከባሕሩ ጋር በውኃ ውስጥ መተላለፊያ ይገናኛል። በሌሎች ብዙ ቦታዎች ድንበሩ ጥልቅ ስለሆነ የሚያየው በአየር ጋን የሚጠልቅ ሰው ብቻ ነው። እዚህ ግን ለባሕሩ ቅርብ በመሆኑ ወደ ላይ ይጠጋል። ዋናተኛው ወደ ታች ሲመለከት የማንግሮቩ ሥሮች ጥርት ብለው ይታዩታል፤ ትንሽ ዝቅ ሲል በድንገት ሁሉ ነገር ይደበዝዛል፤ ከጋለ ምጣድ በላይ አየር እንደሚርገበገበው ውኃው ይርገበገባል። መነጽሩ ጉም የያዘው መስሎት የሚያወልቀው ብዙ ነው። የደበዘዘው መነጽሩ አይደለም፤ ጨዋማውና ጨው አልባው ውኃ ብርሃንን እኩል ስለማያጥፉ በሚደባለቁበት ቦታ ምስሉ ይሰባበራል። ከዚያ በታች ባለው ጨዋማ ውኃ ውስጥ እንደገና ሁሉ ጥርት ይላል። ዋሻውን የፈለፈለው ያ ድንበር ይኸው ነው፤ ሥራውንም አላቆመም።

የስኖርክል ጉዞ የሚያበቃው ብርሃን በሚያበቃበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የዋሻ ጠላቂዎች ዓለም ነው። በብዙ መግቢያዎች ላይ የሞት ምስል የተሣለበት ምልክት ውኃ ውስጥ ተተክሏል፤ ያልሠለጠነ ሰው እዚህ ይመለስ ይላል። ጉዳዩ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም። በጨለማ ዋሻ ውስጥ አየር ያለቀበት ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ በላዩ ያለው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ጠላቂዎቹ ከመግቢያው ጀምሮ ቀጭን ገመድ እየዘረጉ ይሄዳሉ፤ የሚመለሱትም እሱን ይዘው ነው። በዚህ ገመድ ነው የዩካታን የከርሰ ምድር ካርታ ሜትር በሜትር የተሠራው። በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታላቁ ማያ የከርሰ ምድር ውኃ ፕሮጀክት አባላት ሳክ አክቱን የተባለው ዋሻ ከዶስ ኦሆስ ዋሻ ጋር መገናኘቱን አረጋግጠው 347 ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ ዋሻ መሆኑን አስታወቁ። የእነዚህ ጠላቂዎች ድካም ባይኖር ኖሮ ስለዚህ ውኃ የምናውቀው ነገር እጅግ ጥቂት ይሆን ነበር።

በዚሁ የዋሻ ሥርዓት ውስጥ በ2007 ሦስት ጠላቂዎች በጠባብ መተላለፊያ ሲሄዱ ወለሉ ከሥራቸው ጠፋ። ባትሪያቸው የማይደርስበት ግዙፍ ጉድጓድ ነበር፤ ኦዮ ኔግሮ፣ ጥቁሩ ጉድጓድ አሉት። ከግርጌው የጠፉ እንስሳት አጥንት አገኙ፤ ዝሆን መሳይ ጎምፎቴር፣ ግዙፍ ስሎዝ፣ ረጅም ጥርስ ያለው ድመት። ከእነሱ ጋር የአንዲት ልጅ አጥንት ነበር። ተመራማሪዎች ናያ ብለው ጠሯት። ዕድሜዋ 15 ወይም 16 ይሆናል፤ የሞተችው ከ12,000 እስከ 13,000 ዓመት በፊት ነው፤ የዳሌዋ አጥንት ተሰብሯል። በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት እንዳሳየው በአሜሪካ አህጉራት ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የሰው ቅሪቶች አንዷ ናት። ዋሻው ያኔ ደረቅ ነበር። ምናልባት ውኃ ፍለጋ በጨለማው ውስጥ ስትሄድ ወድቃለች። እሷን እዚያ ያቆያት ውኃው ኋላ የመጣ ነው።

ጨለማው ውስጥ ሕያዋንም አሉ። ዓይን የሌላቸው ነጫጭ ዓሦች፣ ሽሪምፖች፣ በጨዋማው ውኃ ውስጥ የሚዋኝ ብዙ እግር ያለው ሬሚፒድ የተባለ ፍጥረት። ሬሚፒድ በ2013 በወጣ ጥናት ከሽሪምፕና ከሸርጣን ወገን መርዝ ያለው የመጀመሪያው እንስሳ ሆኖ ተመዘገበ። ፀሐይ በሌለበት ምን ይበላሉ? በ2017 የታተመ ምርምር እንዳመለከተው፣ ከደኑ አፈር ቅጠል ሲበሰብስ የሚወጣው ሚቴን ጋዝ ከውኃው ጋር ወደ ዋሻው ይወርዳል፤ ባክቴሪያዎች ሚቴኑን ይበላሉ፤ ሽሪምፖች ባክቴሪያዎቹን ይበላሉ። ከላይ ያለው ደን ሲመነጠር ከታች ያለው ገበታ ይራቆታል ማለት ነው።

ማያዎች ይህን ትስስር በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። ዝናብ የሚሰጠው፣ ቻክ የተባለው አምላክ በሴኖቴና በዋሻ ውስጥ እንደሚኖር ያምኑ ነበር። በቺቼን ኢትሳ ሁለት ትልልቅ ሴኖቴዎች አሉ፤ ሽቶሎክ የተባለው ለመጠጥ ነበር፤ ሌላው፣ 60 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ለመሥዋዕት። ከ1904 ጀምሮ ኤድዋርድ ቶምፕሰን የተባለ የአሜሪካ ቆንስል ከዚህ ሁለተኛው ወለል ላይ ወርቅ፣ ጄድ፣ የዕጣን ኳስና የሰው አጥንት በማሽን አስዝቆ አወጣ፤ ሕፃናትም ነበሩበት። ብዙው ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተወሰደ፤ ከፊሉ ቆይቶ ለሜክሲኮ ተመልሷል። በዚያ ሴኖቴ አይዋኝም፤ ትክክልም ነው። ዛሬም በአንዳንድ የማያ መንደሮች ዝናብ ሲዘገይ ገበሬዎቹ ለቻክ ሥርዓት ያደርጋሉ፤ ለሥርዓቱ የሚሆነውን ውኃም ከሴኖቴ ወይም ከዋሻ ይቀዳሉ።

ስለ ቺክሹሉብ ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው አስትሮይድ የወደቀው እዚሁ ነው። ቺክሹሉብ የሚባለው፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ በኋላ በተጋገረ የኖራ ድንጋይ ሥር ተቀብሮ ከላይ አይታይም። ሴኖቴዎቹ ግን አጋልጠውታል። በሰሜን ምዕራብ ዩካታን በካርታ ላይ ሲቀመጡ ሜሪዳ ከተማን የሚያቅፍ ግማሽ ክብ ይሠራሉ፤ ይህም ክብ የተቀበረውን ጉድጓድ ጠርዝ ይከተላል። በጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ውኃ ያን መስመር መርጦ ይሄዳል። ዶስ ኦሆስና የቱሉም ሴኖቴዎች ግን ከዚህ ክብ በጣም ይርቃሉ፤ አንዳንድ አስጎብኚ እነሱንም የአስትሮይዱ ሥራ ናቸው ሲል ይሰማል፤ እውነት አይደለም።

በዚሁ ክብ ላይ ኦሙን የተባለች ትንሽ ከተማ አለች። አካባቢዋ ቀድሞ የቃጫ ዘመድ የሆነው ሄኔኬን የሚመረትበት ነበር፤ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ሴኖቴ በማስጎብኘት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አሳማዎች የሚይዝ እርባታ እዚያ ሊከፈት ሲል ሕዝቡ ተነሣ። በ2017 የከተማዋ ማያዎች ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው አይሆንም አሉ፤ የልጆቻቸውንም ስም ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2018 ፍርድ ቤቱ እርባታውን አገደ። የአሳማው ፍግ በተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ ከተደፋ የት እንደሚደርስ ለማወቅ የሃይድሮሎጂ ዲግሪ አላስፈለጋቸውም።

የማያ ባቡር የሚባለው ፕሮጀክት ግን አልቆመም። በ2023 መጨረሻ ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ከፕላያ ዴል ካርመን ወደ ቱሉም በሚወስደው ክፍል በምሰሶ ላይ ተሠርቷል። ምሰሶዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው የዋሻ ጣሪያ በስተው፣ ውኃውን አቋርጠው፣ ወለሉ ውስጥ የገቡ አሉ። በአካባቢው ያሉ ጠላቂዎች የዛገ ብረትና የፈሰሰ ኮንክሪት በስታላክታይቶች መካከል ቆሞ በቪዲዮ አሳይተዋል። መንግሥት ባቡሩን ለድሃው ደቡብ ምሥራቅ ልማት ሲል እንደሠራው ይናገራል፤ የአካባቢው ሰው ሥራና መጓጓዣ እንደሚፈልግም አይካድም። ግን መስመሩ የተመረጠበት ድንጋይ ለምሰሶ የማይመች፣ ሥሩ ያለውም ውኃ ምትክ የሌለው ነው። ይህ ሚዛን ሊደፋ ወደማይገባው ወገን ደፍቷል ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ በቪዲዮ አይነሣም። ካንኩን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከባዶ የተጀመረች ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ዳርቻው እስከ ቱሉም በሆቴልና በመኖሪያ ተሞልቷል። የሁሉም ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ አይሄድም። ወደ መሬት የተለቀቀው ወደ ዋሻው ይገባል፣ ከዋሻው ወደ ባሕር ይወጣል፤ ባሕሩ ዳር ደግሞ ከዩካታን እስከ ሆንዱራስ የሚዘልቀው የኮራል ሪፍ አለ። ኮራል ንጥረ ነገር የበዛበትን ውኃ አይወድም፤ አልጌ ይወርሰዋል። ጠዋት ሴኖቴ፣ ከሰዓት በኋላ ሪፍ የሚጎበኝ ቱሪስት ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያየ ይመስለዋል፤ ያየው የአንዱን ውኃ መነሻና መድረሻ ነው።

ጉዞ የሚያስብ ሰው ምን ይምረጥ? ትንሽ ቡድን የሚወስድ፣ ለሴኖቴው ባለቤት ማኅበረሰብ የመግቢያ ክፍያ በቀጥታ የሚከፍል አስጎብኚ ይሻላል። ጠዋት በማለዳ መድረስ ይጠቅማል፤ ከረፋዱ በኋላ አውቶቡሶች ይመጣሉ፣ ውኃውም በሰው እግር ይደፈርሳል። ፊት ላይ ልክ የሚቀመጥ የራስ መነጽር መያዝ ተከራይቶ ሲያፈስ ከመጨነቅ ያድናል። ፂም ያለው ሰው ከአፍንጫው ሥር ውኃ ሊገባበት ስለሚችል አስቀድሞ ይሞክረው። ለልጆች ሰማይ የሚያየው ክፍት ሴኖቴ ይሻላል፤ ሴኖቴ አሱልና ክሪስታሊኖ የተባሉት ጥልቀት የሌላቸው ዳርቻዎች አሏቸው።

ከመክፈል በፊት ደግሞ አስጎብኚውን ወይም የሴኖቴውን ባለቤት አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፦ የሽንት ቤታችሁ ፍሳሽ የት ይሄዳል? አንዳንዱ ደረቅ ሽንት ቤት አሠርቷል፤ አንዳንዱ የታሸገ ታንክ አለው፣ በየጊዜው በመኪና ያስመጥጠዋል። እንዲህ ያለው ሰው ጥያቄውን ሲሰማ ደስ ብሎት ወስዶ ያሳያል። ትከሻውን ነቅንቆ የሚያልፍ ካጋጠመ፣ ከዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሴኖቴ አይጠፋም።